ከእንጦጦ አለት እስከ አቃቂ ጉድጓድ

የአቃቂ ቃሊቲ ሜዳ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተዘርግቷል። በሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ የሚነሣው እንጦጦ፣ በምዕራብ በኩል ወጨጫና ፉሪ፣ በምሥራቅ ደግሞ የረር ይከቡታል። አራቱንም የሠራቸው እሳተ ገሞራ ነው። ሜዳውም ቢሆን ከዚያው ወገን ነው፤ ከላይ ጥቁር ዋልካ፣ ከዋልካው ሥር ባዛልት፣ በባዛልቱ መካከል ደግሞ ስኮሪያ የሚባለው ቀዳዳ የበዛበት ቀይና ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተነባብሮበታል። ከሰሜን የሚወርዱት ትልቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ማጠራቀሚያ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። የከተማዋ ዝናብ፣ ፍሳሿም፣ ከመሬት በታች የሚጓዘው ውኃም ቁልቁለቱን ተከትሎ ወደዚሁ ይመጣል። በአቃቂ የተደረገው የአለት፣ የማዕድንና የአይሶቶፕ ምርምር የአንድ ክፍለ ከተማ ጉዳይ ብቻ ሆኖ የማያውቀውም ስለዚህ ነው። አዲስ አበባ ስለቆመችበት መሬትና ስለምትጠጣው ውኃ ከታወቀው ነገር ብዙው የተፈተነው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የኢትዮጵያን አለቶች በዘመናዊ ሥነ ምድር ዓይን አይተው ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ዊልያም ብላንፎርድ ነው። በ1867 እና በ1868 ከእንግሊዙ የናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ ሲጓዝ ያየውን በ1870 መጽሐፍ አድርጎ አወጣ። በሰሜኑ ደጋ ደረጃ በደረጃ የተነባበረውን ባዛልት በሁለት ከፍሎ የታችኛውን የአሸንጌ፣ የላይኛውን የመቅደላ ምድብ ብሎ ሰየመ። ብላንፎርድ ሸዋን አልረገጠም። ስያሜዎቹ ግን ረጅም ዕድሜ አገኙ፤ ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የእንጦጦንም የአቃቂንም ድንጋይ በመልኩና በአቀማመጡ እየገመቱ በእነዚሁ ምድቦች ውስጥ ሊያስገቡት ሲሞክሩ ኖረዋል። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የጣሊያን ሥነ ምድር ተመራማሪዎች፣ በተለይም ጆቶ ዳይኔሊ፣ የምሥራቅ አፍሪካን ምድር በሰፊው መዘገቡ። የዚህ ዘመን ሥራ ሁሉ አንድ ጉድለት ነበረበት። የትኛው አለት ከየትኛው በላይ እንደተኛ ይናገራል፤ መቼ እንደፈሰሰ ግን አይናገርም። አንዱ ኮረብታ ከሌላው ርቆ በሸለቆና በዋልካ በሚለያይበት እንደ አቃቂ ባለ ሜዳ ደግሞ የትኛው ከየትኛው በላይ እንደሆነ እንኳ በዓይን መለየት ያስቸግራል።

በ1957 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሲቋቋም ነገሩ መለወጥ ጀመረ። መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዋን ነበር። የተቋሙ ዋና ሥራ የምድርን መግነጢስና የመሬት መንቀጥቀጥን መመዝገብ ቢሆንም የስምጥ ሸለቆው ጥናት መሰባሰቢያ ሆነ። በዚያ የሠራው እንግሊዛዊው ፖል ሞር በ1962 የኢትዮጵያን ሥነ ምድር የሚያስቃኝ መጽሐፍ በኮሌጁ ማተሚያ ቤት አሳተመ። መጽሐፉ እስከዚያ ድረስ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተበታትኖ የነበረውን ዕውቀት ወደ አንድ ቦታ አመጣው። በ1968 ደግሞ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የካርታ ሥራው በአገር ውስጥ መሥሪያ ቤት እጅ ገባ፤ ናሙና መዶሻ ይዞ የሚሰበስበውም ኢትዮጵያዊው ባለሙያ እየሆነ መጣ።

የአለትን ዕድሜ በቁጥር ለማወቅ ያስቻለው ፖታሲየም ነው። ከተፈጥሮ ፖታሲየም ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ፖታሲየም 40 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፕ፣ ማለትም ክብደቱ የተለየ የዚያው ንጥረ ነገር ዓይነት፣ ነው። ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ሲሆን ከሚፈርሰው መጠን ከአሥር እጁ አንዱ ያህል ወደ አርጎን 40 ጋዝ ይለወጣል። አለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል። ሲረጋና ማዕድኖቹ ሲጠነክሩ ግን አዲስ የሚፈጠረው አርጎን በውስጣቸው ታፍኖ ይቀራል። ስለዚህ በቤተ ሙከራ ድንጋዩን በባዶ አየር ውስጥ አቅልጦ የወጣውን አርጎን በማስ ስፔክትሮሜትር መለካትና ከፖታሲየሙ ጋር ማነጻጸር ቅልጡ መቼ እንደረጋ ይናገራል። ዘዴው ወጥመድም አለው። ዝናብና ሙቅ ውኃ የበሉት ድንጋይ አርጎኑን ስለሚያጣ ከዕድሜው ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ ከጥልቅ ይዞት የመጣው አሮጌ ጋዝ ያለበት ደግሞ ከዕድሜው የበለጠ ይሆናል። የናሙናው ጤንነት ከመሣሪያው ትክክለኛነት የማይተናነስ ጉዳይ ነው። የክረምቱ ዝናብ ለብዙ ሺህ ዓመታት ያጠበውን የአዲስ አበባ ባዛልት ለዚህ ሥራ መምረጥ ቀላል አልነበረም፤ ያልበሰበሰ ልብ ያለው ድንጋይ ፍለጋ የወንዝ ገደልና የድንጋይ ካባ ይዞራል።

የአዲስ አበባን ዙሪያ በዚህ መንገድ የመረመረው ዋነኛ ሥራ በ1979 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። ጸሐፊዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሞርተን፣ በእንግሊዝ የዕድሜ ልኬታ ይሠሩ የነበሩት ሬክስና ሚቸል፣ እንዲሁም ፖል ሞር ነበሩ። ግኝታቸው አጭርና ጥርት ያለ ነበር፦ ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው በተጓዙ ቁጥር የእሳተ ገሞራው አለት ዕድሜ እያነሰ ይሄዳል። የእንጦጦ አለቶች ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋሉ። ከተማዋ የተንጣለለችበት ባዛልት ከ10 ሚሊዮን ዓመት በታች ነው። በላዩ ያለው የነደደ አመድ ክምር፣ ግንበኛ ጠርቦ ለቤት መሠረትና ለአጥር የሚያውለው ኢግኒምብራይት፣ ወደ 5 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያም ወዲህ ይመጣል። የአቃቂ ባዛልት ደግሞ ወደ 3 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ወጣት ነው። ከአቃቂ አልፎ ወደ ቢሾፍቱ ሲወረድ የሐይቆቹ ጉድጓዶችና የስኮሪያ ኮረብታዎች በሥነ ምድር ሚዛን የትናንት ናቸው።

ይህ ውጤት ከአለት ቆጠራ በላይ ትርጉም ነበረው። ደጋውና ስምጥ ሸለቆው በአንድ ቀን አልተለያዩም ማለት ነው፤ የምድር ቅርፊት ሲሳሳና ሲሰነጠቅ እሳቱም ስንጥቁን ተከትሎ ደረጃ በደረጃ ወደ ሸለቆው መሃል ሸሽቷል። አቃቂ በዚህ ጉዞ መካከለኛ ደረጃ ላይ ትገኛለች፤ ደጋም ሸለቆም ሳትሆን የሁለቱ መሸጋገሪያ ናት። በ1989 ኃይለሥላሴ ግርማይና ጌታነህ አሰፋ ከአዲስ አበባ እስከ ናዝሬት ያለውን ቅደም ተከተል በሲኔት መጽሔት ላይ አብራርተው ሲያወጡ የእያንዳንዱን ምድብ ስምና ቦታ መልክ አስያዙት። ብዙ የኋላ ሥራ፣ የከተማዋን የውኃ ጥናት ጨምሮ፣ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። በ1998 ጸጋዬ አበበና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር ጨመሩ። ከየረር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እስከ ቱሉ ወለል የሚዘልቅ ረጅም የስንጥቅና የእሳተ ገሞራ መስመር መኖሩን አሳዩ። ይህ መስመር የአዲስ አበባን አካባቢ ከሰሜንና ከደቡብ የሚለየውን አንድ እንግዳ ነገር ያስረዳል። በሌላ ስፍራ ደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርደው በገደል ነው፤ በደብረ ሲና ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ይህን ያውቀዋል። በአቃቂ በኩል ግን ገደል የለም። ሁለት አቅጣጫ ያላቸው ስንጥቆች በሚገናኙበት በዚህ ቦታ የፈሰሰው ቅልጥ አለት ገደሉን ሞልቶ ደልድሎታል፤ ባቡሩም ሆነ አውራ ጎዳናው ወደ ከተማዋ የገባው በዚህ በተደለደለ በር ነው።

የአለት ኬሚስትሪ ጥናት ከአዲስ አበባ ውጭ ከዚህም ርቆ ሄዷል። የሰሜን ምዕራቡ ደጋ፣ የሊማሊሞ ገደል የሚያሳየው ግዙፍ የባዛልት ንብብር፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ እንደፈሰሰ በ1997 ሆፍማንና ባልደረቦቹ በአርጎን ልኬታ አሳይተዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማርቲ፣ ፒክና ገዛኸኝ ይርጉ በኢትዮጵያ ባዛልት ማዕድናት ውስጥ የታፈነውን ሂሊየም ለክተው በአንዳንዱ ሂሊየም 3 ከሂሊየም 4 ያለው ድርሻ ከአየር እስከ 20 እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኙት። ሂሊየም 3 ምድር ስትፈጠር የተያዘ ጋዝ ስለሆነ እንዲህ ያለ መጠን የቅልጡ ምንጭ ከጥልቅ እንደሚመጣ ይጠቁማል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደረጀ አያሌውም ከባዛልቱ ጋር የወጣውን ሪዮላይትና ኢግኒምብራይት አመጣጥ በአይሶቶፕ መርምሯል። አቃቂ የዚህ ትልቅ ታሪክ ማብቂያ ምዕራፍ ውስጥ ናት፤ ባዛልቷ በዕድሜ ከደጋው የባዛልት ንብብር በአሥር እጥፍ ያህል ያንሳል።

የመሬቱን ዕድሜ ማወቅ ለሰው ልጅ ታሪክም ጠቅሟል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአዋሽ ዳር የሚገኘውን የመልካ ቁንጡሬን ጥንታዊ ሥፍራ በ1963 ለዓለም ያስተዋወቀው ሆላንዳዊው የውኃ ባለሙያ ዴከር ነው፤ ዣን ሻቫዮን ከ1965 ጀምሮ ቁፋሮውን መራ። የድንጋይ መሣሪያዎቹ የተገኙባቸው ንብርብሮች ዕድሜ የሚታወቀው በመካከላቸው በተኛው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አጋዚ ነጋሽ፣ ሻክሊና ሙሉጌታ አለነ በ2006 ያወጡት የኬሚስትሪ ጥናት ደግሞ የመረመሯቸው የጥንት ባልጩት መሣሪያዎች ከዚያው አጠገብ ባልጭት ከሚባል ስፍራ እንደመጡ አመለከተ። እያንዳንዱ የባልጩት ፍሰት በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች መጠን የራሱ ስለሆነ መሣሪያውን ከተወለደበት ድንጋይ ጋር ማገናኘት ይቻላል።

ሆኖም በአቃቂ አይሶቶፕ ከሁሉ በላይ ያገለገለው ውኃን ለማወቅ ነው፤ ታሪኩም የሚጀምረው ከሰማይ ነው።

በ1961 ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት ጋር ሆኖ የዝናብን አይሶቶፕ የሚለካ ዓለም አቀፍ መረብ ዘረጋ። ኢትዮጵያ ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 አባል ሆና ነበር፤ አዲስ አበባም ከመረቡ ቀደምት ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ሥራው ትዕግሥትን እንጂ ረቂቅ መሣሪያ አይጠይቅም። የወሩ ዝናብ ይጠራቀማል፣ እንዳይተን በደንብ በታሸገ ጠርሙስ ይቀመጣል፣ ለልኬታ ወደ ውጭ ይላካል። ይህ ሥራ አንዳንድ ክፍተት ቢኖርበትም ለአሥርተ ዓመታት ዘልቋል። በአፍሪካ እንዲህ ያለ ረጅም መዝገብ ያላቸው ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው። በየወሩ ጠርሙስ የሞሉት ሠራተኞች ስማቸው በየትኛውም ጽሑፍ ላይ ባይወጣም ስለ አቃቂ ውኃ ከተጻፈው ሁሉ መሠረቱን የጣሉት እነሱ ናቸው።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። የውኃ ቅንጣት በሁለት ሃይድሮጅንና በአንድ ኦክስጅን የተሠራ ነው። አብዛኛው ኦክስጅን ክብደቱ 16 ሲሆን ከሺህ ሁለት ያህሉ ክብደቱ 18 ነው፤ ሃይድሮጅንም ዴውቴሪየም የሚባል ከባድ ወንድም አለው። ውኃ ሲተን ቀላሉ ይቀድማል፣ እንፋሎት ወደ ዝናብ ሲለወጥ ደግሞ ከባዱ ቀድሞ ይወርዳል። ስለዚህ ደመና ብዙ በተጓዘና ከፍ ባለ መጠን የሚያዘንበው ውኃ እየቀለለ ይሄዳል። አሜሪካዊው ሃርመን ክሬግ በ1961 በዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ውኃ ለክቶ የሁለቱ ከባድ አይሶቶፖች መጠን በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ እንደሚውል አሳየ። ሐይቅና ኩሬ ሆኖ ፀሐይ የበላው ውኃ ግን ከመስመሩ ይወጣል። ክሬግ ራሱ በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሙቅ ውኃዎችን መርምሮ በ1977 ዘገባ አውጥቷል።

የአዲስ አበባ ዝናብ ግን ከሕጉ ያፈነገጠ ሆኖ ተገኘ። ጣቢያው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ዝናቡ ቀላል መሆን ነበረበት። ልኬታው ያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ ዝናቡ ከዝቅተኛ አገር ዝናብ እንኳ የከበደ ነው፤ በበልግ ወራት ደግሞ ለንጽጽር መለኪያ ከሚያገለግለው ከባሕር ውኃ በላይ የሚከብድበት ጊዜ አለ። ክረምቱ ከበልጉ ይቀላል፤ ቢሆንም ለከፍታው የሚጠበቀውን ያህል አይደለም። ይህ ነገር ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግር ቆይቷል። በ2009 ሌቪን፣ ዚፕሰርና ሰርሊንግ የኢትዮጵያንና የኬንያን ውኃ አነጻጽረው የእርጥበቱን ምንጭ ልዩነት በምክንያትነት አነሡ። በ2012 ደግሞ ሰይፉ ከበደና ኢቭ ትራቪ በመላ አገሪቱ የተሰበሰበውን መረጃ ይዘው ጉዳዩን መረመሩ። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከኮንጎ ተፋሰስ በኩል የሚመጣው እርጥበት ነው። የደን ቅጠል የሚያወጣው እንፋሎት ከሥር የተመጠጠውን ውኃ አይሶቶፕ ሳይለይ መልሶ ወደ ሰማይ ስለሚሰድ ደመናው ረጅም መንገድ ቢጓዝም አይቀልም። ከሕንድ ውቅያኖስ በአጭር መንገድ የሚደርሰው የበልግ እርጥበት ደግሞ ከመነሻው ከባድ ነው። ጉዳዩ ገና ክርክር ያለበት ቢሆንም ለአቃቂ ያመጣው ተግባራዊ ትምህርት ግልጽ ነው። ከሌላ አገር በመጣ ሚዛን ቢመዘን የአቃቂ የጉድጓድ ውኃ «ተኖ የከበደ» ሊባል ይችል ነበር፤ በአዲስ አበባ ዝናብ መዝገብ ሲመዘን ግን ሳይዘገይ ወደ መሬት የሰረገ ተራ ዝናብ ሆኖ ይገኛል።

ከተማዋ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ የዞረችው ግን ከዚህ መዝገብ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይታ ነው። አዲስ አበባ በ1886 ስትቆረቆር ፍልውኃ ከመስህቦቿ አንዱ ነበር፤ የእንጦጦ ምንጮችም ነዋሪዋን ያጠጡ ነበር። ሕዝቡ ሲበዛ በትንሹ አቃቂ ላይ ገፈርሳ፣ በትልቁ አቃቂ በኩል ደግሞ ለገዳዲ ተገደቡ። እነዚህ ሁሉ ከከተማዋ በላይ ያሉ የገጸ ምድር ውኃዎች ናቸው። የሥነ ምድር ካርታው ግን የተሻለው የከርሰ ምድር ማጠራቀሚያ በታች፣ በአቃቂ እንዳለ ያመለክት ነበር። የእንጦጦ አለት የታፈገ ነው፤ ውኃ የሚይዘው በስንጥቁ ብቻ ነው። የአቃቂ ወጣት ባዛልት ግን የተሰነጣጠቀ ሲሆን በመካከሉ ያለው ስኮሪያ እንደ እንጀራ በዓይን የተሞላ ነው። ግንበኞች «ሬድ አሽ» እያሉ ለመንገድና ለወለል ሙሌት የሚጭኑት ያው ቀይ ድንጋይ ከመሬት በታች ሲሆን ውኃን በማስተላለፍ አቅሙ በአገሪቱ ከታወቁት አለቶች በላቀ ደረጃ ላይ ይገኛል። ጉድጓዱ ብዙ ውኃ ሲሳብበት ደረጃው ዝቅ የሚለው በጥቂቱ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ20 በላይ ጉድጓዶች ያሉት የአቃቂ የውኃ ጉድጓድ መስክ ሥራ ሲጀምር ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የፈሰሰው አለት የከተማዋ ጥም ማርኪያ ሆነ። ኋላም በዙሪያው እጅግ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ የከርሰ ምድር ውኃ አሁን ከከተማዋ አቅርቦት ትልቁን ድርሻ ይይዛል።

ይህ ውኃ ከየት ይመጣል? ዕድሜውስ ስንት ነው? መልስ የሰጠው ትሪቲየም ነው። ትሪቲየም የሃይድሮጅን ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፕ ሲሆን ግማሽ ዕድሜው ከ12 ዓመት ጥቂት ይበልጣል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተካሄዱት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች የዓለምን ዝናብ በትሪቲየም ሞልተውት ነበር፤ መጠኑ ከፍተኛ የሆነው በ1963 ነው። ስለዚህ ትሪቲየም ያለበት የጉድጓድ ውኃ ከሙከራዎቹ ወዲህ የዘነበ አለበት፤ ምንም የሌለበት ከዚያ በፊት የሰረገ ነው። ሞላ ደምሌ፣ ስቴፋን ቮንሊክና ባልደረቦቻቸው በ2007 በአቃቂ ተፋሰስ ላይ ያወጡት ጥናት የውኃውን ኬሚስትሪ ከኦክስጅን፣ ከዴውቴሪየምና ከትሪቲየም ጋር አጣምሮ የጉዞውን ካርታ ሠራ። በሰሜን፣ በእንጦጦ ግርጌ ያሉት ምንጮች ጨው የሌለባቸው፣ በካልሲየምና በማግኒዚየም ባይካርቦኔት የሚገለጹ ወጣት ውኃዎች ናቸው። ወደ ደቡብ ሲኬድ ውኃው ከአለቱ ጋር በቆየ ቁጥር የሟሟበት ማዕድን ይበዛል፤ በመሃል ከተማ ግን ናይትሬትና ክሎራይድ ይጨመርበታል። ይህ የሰው ሥራ ነው፤ የመጸዳጃ ጉድጓድና የፍሳሽ ምልክት። የፍልውኃ ሙቅ ውኃ ደግሞ ለብቻው ይቆማል። ሶዲየም ባይካርቦኔት የሞላው፣ ከዛሬው ዝናብ የቀለለ፣ ትሪቲየም እምብዛም የሌለበት ነው። በጥልቅ ስንጥቅ ወርዶ፣ ሞቆና ለረጅም ዘመን ተቀምጦ የሚመለስ ውኃ መሆኑን ይህ ሁሉ ያመለክታል።

ዋናው ቁም ነገር ጥልቁና ጥልቀት የሌለው ውኃ በየቦታው መገናኘታቸው ነው። በስኮሪያው የማስተላለፍ አቅም የምትጠቀመው ከተማ ያው አቅም ብክለትንም በፍጥነት እንደሚያሻግር ማወቅ አለባት። በ2008 ተናለም አየነው፣ ሞላ ደምሌና ቮንሊክ ያወጡት የከርሰ ምድር ውኃ ፍሰት ስሌትም መስኩ የሚሞላው ከሰሜኑ ከፍታና ከከተማው መሬት በሚሰርገው ዝናብ መሆኑን፣ የሚሳበው ውኃ ሲጨምር ደረጃው እንደሚወርድ አሳይቷል። እንጦጦ ላይ የሚተከልም የሚቆረጥም ዛፍ፣ መሃል ከተማ የሚነጠፍ አስፋልት፣ በየሰፈሩ የሚቆፈር የመጸዳጃ ጉድጓድ አቃቂ ላይ ይቆጠራል ማለት ነው።

የወንዙ ጉዳይ ከጉድጓዱ ቀድሞ የታየ፣ ከጉድጓዱም የከፋ ነው። ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ በአቃቂ ጣቢያ ነበረው፤ ሜዳውም፣ ወንዙም፣ ሐዲዱም ፋብሪካ ሳቡ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የቆዳና የሌሎች ምርቶች ፋብሪካዎች ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ ተደረደሩ፤ ከላይ በኩል ያሉት የትንሹ አቃቂ ዳር ፋብሪካዎች ፍሳሽም ወደዚሁ ይወርዳል። በወንዙ ዳር ደግሞ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ድንች በዚያው ውኃ ይለማሉ፤ ምርቱም ወደ ከተማዋ ገበያ ይገባል። ፍስሐ ኢታና በ1998 በሲኔት መጽሔት ላይ በፋብሪካ ፍሳሽ የለሙ የአቃቂ አትክልቶችን የብረት ይዘት አሳተመ። በ2002 ባወጣው ሌላ ጥናት የከተማዋን ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች መርምሯል። ሰላጣና ቆስጣን የመሳሰሉ ቅጠላሞች ከሌሎቹ የበለጠ ከባድ ብረት እንደሚሰበስቡ የዚህ ዘርፍ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሳሙኤል መላኩና ታደሰ ወንድሙ ከቤልጂየም ጌንት ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ጋር ሆነው ከ2004 ጀምሮ ባወጧቸው ጽሑፎች የትንሹን አቃቂ ውኃና ደለል ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች በፕላዝማ ማስ ስፔክትሮሜትር ለኩ።

እዚህ ላይ የአለቱ ዕውቀት ከብክለቱ ጥያቄ ጋር ይገናኛል። ባዛልት በተፈጥሮው ክሮሚየም፣ ኒኬል፣ ኮባልትና ማንጋኒዝ ይዟል፤ ከእሱ የሚበሰብሰው ዋልካም ይወርሳቸዋል። የቆዳ ፋብሪካ ደግሞ ክሮሚየም ይጠቀማል። ስለዚህ በአቃቂ አፈር ውስጥ ክሮሚየም ተገኘ ማለት ብቻውን ማንንም አይከስም፣ ማንንም ነጻ አያወጣም። መጀመሪያ ሰው ያልነካው የዚያው ባዛልት አፈር ምን ያህል እንደያዘ መታወቅ አለበት፤ ቀጥሎ ብረቱ በማዕድን ውስጥ ተቆልፎ እንደሆነ ወይም በቀላሉ ወደ ውኃና ወደ ሥር የሚሄድ መሆኑ በየደረጃው በአሲድ እየታጠበ ይመረመራል። ከድንጋዩ የወረሰው ብረት አብዛኛውን ጊዜ ጥብቅ ነው፤ ከፍሳሽ የመጣው የላላ ነው። ዋልካው ራሱ ሁለት ጠባይ አለው። ሸክላው ብረትን ጨምድዶ ይይዛል፣ ይህ ለጉድጓዶቹ መከታ ነው። በበጋ ግን ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያዎቹ የክረምት ዝናቦች በስንጥቁ ውስጥ ያለ ማጣሪያ ወደ ታች ሊወርዱ ይችላሉ። ዋልካው በሳሳበትና ስኮሪያው ለሙሌት ተቆፍሮ በተገለጠበት ቦታ መከታው ጨርሶ የለም። የስኮሪያ ካባዎችን ከጉድጓድ መስኩ ማራቅ ከዚህ ሁሉ ጥናት በቀጥታ የሚወጣ፣ እስካሁንም ከሚገባው በታች የተሰማ ምክር ነው።

የአባ ሳሙኤል ማጠራቀሚያም የዚሁ ምርመራ አካል ነው። በአንድ ዘመን የከተማዋን መብራት ያመነጭ የነበረው ይህ ግድብ በደለልና በእንቦጭ ተሞልቷል። የማጠራቀሚያው ውኃ ፀሐይ ስለሚመታውና ስለሚተን በአይሶቶፕ ከዝናብ መስመር ይወጣል። በአካባቢው ጉድጓድ ውስጥ ያ ምልክት ከታየ ማጠራቀሚያው ወደ ጉድጓዱ እየሰረገ መሆኑ ይታወቃል። ኬሚካል እንደ ምልክት የማያገለግልበት ጊዜ አለ፤ በአፈር ውስጥ ሊጣራ፣ ሊለወጥ፣ ሊቀር ይችላል። ውኃው የተሠራበት አይሶቶፕ ግን አይጣራም።

የመለኪያው መንገድም እየተለወጠ ነው። የቦምቡ ትሪቲየም ከ1963 ወዲህ አምስት ያህል ግማሽ ዕድሜ ስላለፈው ወደ ተፈጥሮ መጠኑ ተመልሷል፤ ወጣቱን ውኃ ከአሮጌው በእሱ መለየት እየከበደ ሄዷል። ለጥልቅ ውኃ ካርቦን 14 ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሆኖም ከምድር ጥልቅ የሚወጣ አሮጌ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተቀላቀለበት የእሳተ ገሞራ አገር የሚሰጠው ዕድሜ ከእውነተኛው ይረዝማልና ማስተካከያ ይፈልጋል። በሌላ በኩል በሌዘር የሚሠሩ መለኪያዎች ከመጡ ወዲህ የኦክስጅን 18ና የዴውቴሪየም ልኬታ ረክሷል፤ ናሙና በመርከብና በአውሮፕላን ተልኮ ለወራት የሚጠበቅበት ዘመን አልፏል። የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች እየወረዱ ሲሄዱ ከወጣቱ ባዛልት ሥር ወዳለው ኢግኒምብራይትና ወደ ጥንቱ ባዛልት ይደርሳሉ፤ እዚያ ያለው ውኃ ሞቅ ያለ፣ ሶዲየሙ የበዛ፣ ከዝናብ ጋር የተለያየው ከብዙ ዘመን በፊት ሊሆን ይችላል። በስምጥ ሸለቆው እንዲህ ያለ ውኃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ይዞ ስለሚወጣ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠውን በሊትር የ1.5 ሚሊግራም ወሰን አለማለፉ በየጉድጓዱ መፈተሽ አለበት።